ላም ያለችበት ቆርቆሮ

ቡሬ፣ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማሆይ እህተ ማርያም፣ ሽንዲ

እንደምን ከረሙ? ክረምቱ እንዴት አለፈልዎት? ጉልበትዎስ? እኔ ደኅና ነኝ። ቡሬም ደኅና ናት፤ ዝናቡ ሲያቆም ጭቃው ወደ አቧራ ሊለወጥ ነው፣ ያለችበትን አልለቀቀችም።

በሹፌሩ በደርበው በኩል የላኩት ቃል ደርሶኛል። እናቴ እንዴት እንደሆነችና ማኅበሯን ትሄድ እንደሆነ ጠይቀዋል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ደኅና ናት። ማኅበር ግን አትሄድም። ወር በገባ በሃያ ነጠላዋን አጥባ ትሰቅላለች፤ በሃያ አንድ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ትመልሰዋለች። የጽዋው ተራ በሚያዝያ የእሷ ነበር። ዘለሏት። ጽዋው በደጃችን አልፎ ጎረቤት ሲገባ በመስኮት አየችው።

እርስዎ እዚያው ተቀምጠው ስለነበር ነገሩን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ቢሆንም እኔ እንዴት እንደማውቀው ልጻፍልዎ፤ የተሳሳትሁት ካለ ያርሙኝ።

አምና ታኅሣሥ 21 የእናቴ የማርያም ማኅበር ፍኖተ ሰላም ተሰበሰበ። ገና ሳምንት ሲቀረው እንደ ልማዳችሁ እያንዳንዷ በእጇ የሠራችውን ደረቅ ነገር ይዛ መጣች። ዳቦ ቆሎ የያዘች አለች፣ የሱፍ ቆሎ የያዘች አለች። ለአሥራ ሁለት ተካፍላችሁ ለበዓል ወደየቤታችሁ ትወስዳላችሁ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ከሁሉም አንዳንድ ትቀምሳላችሁ። ጾም ነውና የሚመጣው ሁሉ የጾም ነው። እናቴ ከቡሬ የላክሁላትን ብስኩት ይዛ ሄደች። ያሸግሁት በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር፤ ላም ያለችበት። ሌላ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ አላገኘሁም። በአመድ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ብስኩቱ የስንዴ ዱቄት፣ የኑግ ዘይት፣ ስኳርና ቅመም ነው። ሌላ የለውም።

ከዚያ አንድ ሰው «ቅቤ አለው» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል የሰማ የለም። ማኅበሩን ሙሉ ጾም አስገደፈች ተባልሁ። ላሟም ምስክር ሆነችብኝ። አባ ወልደ ሥላሴ ለሁላችሁም ስግደት ሰጡ። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ፣ እትዬ አደይ፣ እናቴን «ልጅሽ ንስሐ ትግባ፣ አንቺም ማኅበሩን ይቅርታ ጠይቂ» አሏት። እኔ ንስሐ አልገባሁም። ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ ለካህን መናገር እሱ ራሱ ኃጢአት ነው። እናቴም ቃሌን አምና ቤቷ ቀረች።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። መጀመሪያ «ቅቤ አለው» ያለው ማን ነው? እናቴን ስጠይቃት «ሁሉም አሉ» ትለኛለች። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ አፍ ሊጀምር አይችልም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልዎ ቆርቆሮ ያው ራሱ ነው። ውስጡ ዳቦ ቆሎ ነው፤ ለረቡዕም ለዓርብም ይሆናል።

ወይኒቱ

·

ሽንዲ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018

ለልጄ ለወይኒቱ

ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዳዊት እደግማለሁ እንጂ አልጽፍም። ለደርበው በቃል ብነግረው ግን ቡሬ ሳይደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማዋል።

ዳቦ ቆሎሽን በልቻለሁ። ጥርስ ስለሌለኝ ውሃ ውስጥ እየነከርሁ ነው፤ ጣፍጦኛል። ጉልበቴ ደኅና ነው።

ማን ቀድሞ ተናገረ ላልሽው፣ አሁን ማወቁ ምን ያደርግልሻል? የተነገረ ነገር አይመለስም። ይልቅ አንድ ነገር ንገሪኝ። ቅቤ ከሌለው ለምን ቅቤ ቅቤ ሸተተ? ዳዊቴን ስደግም ሳይቀር ይህ ነገር ይመጣብኛል፤ መዝሙሩን አስቶኝ እንደገና እጀምራለሁ።

ዕቃሽን ባዶውን አልመልስም። የጓሮዬ በርበሬ ነው።

እማሆይ

·

ቡሬ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018

እማሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ?

በርበሬውን ስወቅጠው ጎረቤቶቼ በተራ አስነጠሱ። እግዜር ይስጥልኝ።

ለምን ወደ ጥያቄዎ ቶሎ እንዳልመለስሁ በደርበው በኩል ጠይቀዋል። ስለከበደኝ ነው። ከማኅበሩ ሴቶች «ለምን ሸተተ?» ብለው የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌሎቹ «ለምን አደረግሽው?» ነው የሚሉኝ። እኔ አራት ዓመት የምግብ ሳይንስ የተማርሁ፣ በዱቄት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ደመወዝ የምበላ ሰው፣ ይህን ጥያቄ ራሴን አለመጠየቄ አሳፈረኝ። ተናድጄ ነበርና ነው። የተናደደ ሰው መልስ እንጂ ጥያቄ አይታየውም።

ሌላም ነገር አስተዋልሁ። ሁሉም «ቀምሰነዋል፣ ቅቤ ነው» ይላሉ። እርስዎ ብቻ «ሸተተ» ብለው ጻፉ። ደግሞ ከፍኖተ ሰላም የወጡት ያ ነገር በተደረገ በሦስተኛው ሳምንት፣ ለጉልበትዎ ጠበል ፍለጋ ብለው ነበር። አሁን ጉልበቴ ደኅና ነው ይላሉ። ጠበሉ ሠርቶ ከሆነ ደስ ይለኛል።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥዎ። እዚህ ዘሩ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ ዳቦውን አውጥቶ ሲጨርስ ምድጃው እስኪበርድ ያውሰኛል። ብስኩቴን «ዳቦ መሆን ያቃተው» ነው የሚለው። ትናንት ሁለት ዓይነት ጋግሬ ለየብቻ ቋጥሬዋለሁ፤ አንዱ በቀይ ክር፣ አንዱ በነጭ ክር ታስሯል። ቆብ ከጫኑ ወዲህ ቅቤ አፍዎ እንዳልገባ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አይቅመሱት። ያሽትቱት ብቻ። ቅቤ ያለበት የትኛው ነው?

ወይኒቱ

·

ሽንዲ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018

ልጄ ወይኒቱ

በቀዩ ክር የታሰረው ነው። አያጠራጥርም።

ሠላሳ ዓመት አልቀመስሁም ማለት ረሳሁ ማለት አይደለም። ልጅ ሆኜ እናቴ ቅቤ ስታነጥር በር ላይ እቀመጥ ነበር። «ሂጂ፣ ውሃ ቅጂ» ትለኛለች፤ ሽታውን ጥዬ መሄድ አልችልም። እንስራውን ይዤ እዚያው እቆማለሁ። አሁን እንኳ ቀዩን ቋጠሮ ፈትቼ ዘጋሁት። ደግሜ ፈታሁት። ነጩ ዳቦ ዳቦ ይላል።

ጠበሉን ጠይቀሽኛል። ጠበል መሄድ በጎ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

በዚህኛው ዙር የላክሁልሽ ሎሚ ነው። ቋጠሮዎቹን እዚሁ ላስቀራቸው?

እማሆይ

·

ቡሬ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018

እማሆይ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ሎሚው ደርሶኛል፤ ቆርቆሮውን በዳቦ ቆሎ ሞልቼ መልሼልዎታለሁ።

ቋጠሮዎቹን ያስቀሯቸው። ጾመ ነቢያት በመጪው ሳምንት ይገባል፤ በጾሙም ሊበሏቸው ይችላሉ። ሁለቱንም።

በቀዩም በነጩም ቅቤ የለም።

«የትኛው ነው?» ብዬ በመጠየቄ አታለልሁዎት፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «አንዳቸውም ቅቤ የላቸውም» ብልዎት ግን አፍንጫዎ እኔን ያከብር ነበር፤ እኔ የፈለግሁት ደግሞ እውነቱን እንዲናገር ነው። ሁለቱም አንድ ሊጥ ናቸው፣ አንድ ዘይት። ልዩነታቸው ይህ ብቻ ነው፤ የቀዩን ዘይት በኮሰረትና በኮረሪማ አሙቄ አጥልዬዋለሁ። አምና ያደረግሁትም ይህንኑ ነው። ዘይቱ ብቻውን ለብስኩቱ ጣዕም አይሰጥም ብዬ ነበር።

እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ምን ይጨምራሉ? ኮሰረት። ኮረሪማ። ትንሽ አብሽ፣ ትንሽ እርድ። በጥሬ ቅቤና በተነጠረ ቅቤ መካከል ያለው ሽታ የላሟ አይደለም፤ የቅጠሉ ነው። እኛ ግን ቅጠሉን ብቻውን አሽትተን አናውቅም፤ ሁልጊዜ ከቅቤ ጋር ነው የመጣልን። ስለዚህ ኮሰረት ሲሸተን አፋችን «ቅቤ» ይላል። ዘሩ ዘይቱ ሲጨመር ቆሞ እያየ ነበር። ከምድጃ ሲወጣ «አንቺ ልጅ፣ ቅቤውን መቼ አስገባሽው?» አለኝ። ዘይቱን ያቀበለኝ እሱ ነው እኮ።

ይህን ሳውቅ ግማሽ ቀን ደስ ብሎኝ ዋልሁ። ለካ ያን ቀን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሳሳተ አፍንጫ ነበር እንጂ። እኔ ዓመት ሙሉ ክፉ ሰው ስፈልግ ነው የኖርሁት።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ይህን እኔ ብናገር ሰበብ ይባላል። መጀመሪያ የተናገረችው ሴት «ተሳስቻለሁ» ብትል ግን ያልቃል። ማን እንደሆነች እርስዎ ያውቃሉ። ይንገሯት።

ወይኒቱ

·

ቡሬ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018

ለእማሆይ እህተ ማርያም

ሦስት ሳምንት ተኩል ሆነ። ደርበውን ሁለቴ ልኬ ሁለቴም ባዶ እጁን መጣ። «ምን አሉህ?» ስለው፣ «ጓሮ ናቸው፣ ጎንበስ ብለው አፈር እየቆፈሩ ነው፤ አልደረሰም በላት አሉኝ» አለ። ምን እንዳልደረሰ አልገባኝም። የሰው ዕቃ ይዞ ይህን ያህል መቆየት የእርስዎ ልማድ አይደለም።

እናቴን በተመለከተ፣ ያላወቁት አዲስ ነገር አለ። እትዬ አደይ ቤታችን መጡ። ለታኅሣሥ 21 ማኅበር ተመልሳ እንድትገባ ፈቅደዋል። ፈቅደዋል ነው ያልሁት። ገብታ በሁሉም ፊት ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ከእንግዲህም ከእኔ እጅ የወጣ ነገር ይዛ አትመጣም። «ልጅ ናት፣ ተምራ መጥታ ያልተለመደ ነገር ልሞክር ብላ ነው፤ ይቅር ብለናል» አሉ።

እናቴ ልትቀበል ነው። ያምሮት የምትባለው እናቴ፣ በጾም ቀን የፍስክ ማንኪያ እንኳ የማትነካው፣ ባላደረገችው ነገር መሬት ልትንበረከክ ነው። «ደከመኝ» አለችኝ። «አንቺ ቡሬ ነሽ። ከነሱ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ፤ ቅዳሴ ሲወጣ ብቻዬን እየተመለስሁ ደከመኝ።»

እኔ ይቅር መባል አልፈልግም። ይቅር የሚባል የበደለ ነው። የምፈልገው አንድ ሰው «አልበደለችም» እንዲል ነው።

ስለዚህ ዙሪያውን መዞሬን ልተው። ይህን የምጽፈው በአክብሮት ነው፤ ግን እጽፈዋለሁ። እማሆይ፣ እርስዎ ነዎት?

ወይኒቱ

·

ሽንዲ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018

ልጄ

እኔ ነኝ።

አሁን ሁሉንም ልንገርሽ፤ ካላቋረጥሁ ነው የምጽፈው። እናትሽ ቆርቆሮውን ስትከፍት ሽታው መጣ። እናቴን በበሩ በኩል ያየኋት መሰለኝ። ተራዬ ደርሶ አንዱን አነሣሁ። ቅቤ ነው ብዬ አስቤያለሁ። ቅቤ ነው ብዬ እያሰብሁ፣ ዝም ብዬ በላሁት። ከዚያ ሰው ሳያየኝ ሁለተኛ አንሥቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁ። ቀና ስል እትዬ አደይ ታየኛለች። ያወቀችብኝ መሰለኝ። «ቅቤ አለው» ያልሁት ያን ጊዜ ነው። ራሴን ለማዳን ብዬ ቆርቆሮሽን ከሰስሁ።

አባ ወልደ ሥላሴ ስግደት ሲሰጡ ከሌሎቹ ጋር ሰገድሁ። እነሱ ሳያውቁ በበሉት፣ እኔ አውቄ በበላሁት፣ እኩል ሰገድን። ለንስሐ አባቴም ይህን አልተናገርሁም ነበር። ከእናትሽ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን መቆም ስላልቻልሁ ጉልበቴን አሳመምሁና ወጣሁ።

ቅቤ የለውም ስትዪኝ ደስ ይለኛል ብለሽ ነበር። አላለኝም። ቅቤ ከሌለው እኔ የገደፍሁት በምንድን ነው? ብዙ አሰብሁበት። በልቤ ገድፌያለሁ። ያንቺ ብስኩት ግን የጾም ነው፤ ንጹሕ ነው። ዝም ያልሁት ይህን ለመጻፍ አቅም አጥቼ ነው። ባለፈው እሑድ ንስሐ ገባሁ፤ አሁን እጄ ተፈታ።

ሁለተኛው ብስኩት አለ። ከዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ነው፤ አልበላሁትም፣ አልጣልሁትም። ዓመቱን ሙሉ ዳዊቴን ባወጣሁ ቁጥር ይሸተኛል።

ምን ላድርግልሽ?

እማሆይ

·

ቡሬ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2018

እማሆይ፣

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ደብዳቤውን መሬት ላይ ጣልሁት። ሁለተኛ ጊዜ አንሥቼ ሳነብ እናቴን ብቻ ነበር የማስበው። በሦስተኛው፣ ብስኩቴ አንድ ዓመት ሙሉ ከዳዊት ጋር መክረሙን ሳስብ ሳቅሁ። ስለ መሳቄ ገና ከራሴ ጋር አልታረቅሁም።

ይህን ደብዳቤ ለእትዬ አደይ ላሳየው እችላለሁ። በአንድ ቀን ያልቃል። አላደርገውም። ንስሐ የገቡበትን ነገር በሰው ፊት የምዘረጋ አይደለሁም። እኔን በሌለሁበት ነው የፈረዱብኝ፤ እኔ ማንንም በሌለበት አላስፈርድም።

ምን ላድርግ ላሉት፣ ለእኔ ምንም አያድርጉ። እናቴ በሃያ አንድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እዚያ ቤት ትገባለች። ደርበው በሃያ ጠዋት ከሽንዲ ይነሣል። የፊት ወንበሩን ይዞልዎታል፤ እስከ ፍኖተ ሰላም ያደርስዎታል። አልመጣም ካሉ ወንበሩን ለሌላ ይሰጣል፤ እኔም ሁለተኛ አልጠይቅዎትም።

ቢመጡም ባይመጡም አሥራ ሁለት ቋጠሮ ለእናቴ ልኬያለሁ። ሁሉም በቀይ ክር ነው። ኮሰረቱን ዕጥፍ አድርጌዋለሁ።

ወይኒቱ

·

ቡሬ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018

ይድረስ ለእማሆይ እህተ ማርያም፣ ሽንዲ

በሰላም ገቡ? ደርበው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጎማ እንደተነፈሰበትና እርስዎ በሁለቱም ጊዜ ወርደው ድንጋይ እንዳቀበሉት ነገረኝ። ጉልበትዎ በእርግጥም ደኅና ነው።

እርስዎ ቶሎ ስለወጡ እናቴ ያለችውን አልሰሙም፤ አልቅሳ እንደሆነ በደርበው በኩል ጠይቀዋል። አላለቀሰችም። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁና የማውቀው እሷ የነገረችኝን ነው። የተሳሳተ ካለ እንደ መጀመሪያው ያርሙኝ።

እናቴ ልትንበረከክ ነጠላዋን ስታስተካክል ከበሩ ጥግ «ቆይ፣ ያምሮት» ብለው ተነሡ አለችኝ። ከማኅደሩ አንድ የጠቆረ ነገር አውጥተው በብርጭቆ ውሃ ነከሩት። እትዬ አደይ «እማሆይ፣ ምንድን ነው?» አሉ። «የአምናው ብስኩት ነው» አሏቸው።

«ኧረ ጾም ነው፣ እማሆይ።»

«ጾም ስለሆነ ነው የምበላው።»

ከዚያ ዓመት የከረመ ብስኩት ጥርስ በሌለው አፍ እስኪላም አሥር ሴቶችና እናቴ ቆመው ጠበቁ። እርስዎም ሲውጡት ሁሉንም ተናገሩ። የበሉትን፣ የቋጠሩትን፣ ያሉትን። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ስለዚህ እኔም እዚህ ላይ አልጽፈውም።

እትዬ አደይ መጨረሻ ላይ «እና ምን ይላል?» ብለው ጠየቁዎት። «ኮሰረት ይላል» አሉ።

እርስዎ ከወጡ በኋላ የሆነው ይህ ነው። እትዬ አደይ አንዱን ቋጠሮ አንሥተው ቀዩን ክር ፈቱ። አሸተቱ። ሌሎቹን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያ በሉት። «ይቅር ብለናል» አላሉም። «ያምሮት፣ ተሳስተናል» አሉ። ሌሎቹም ተራ በተራ ፈቱ። አንዷ እርስዎ ይዘውት የመጡትን ቆርቆሮ አንሥታ ላሟን ወደ ግድግዳ አዞረቻት፤ እናቴ ተነሥታ መለሰቻት። ያን ቀን ያደረገችው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ጽዋውን የተረከበችው እናቴ ናት። የጥር ማርያም እኛ ቤት ነው። ጽዋውን ይዛ በጎረቤታችን ደጅ አልፋ ገባች፤ ቀስ ብላ ነው የሄደችው፣ መስኮቱ ክፍት እንደሆነ አይታለች።

ይቅር ብለሽኛል ወይ ብለው በእናቴ በኩል ላስጠየቁኝ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ አላውቅም። ዓመቱ ረጅም ነበር። እናቴ ብላለች፤ እሷ ፈጥና ትላለች። እኔ ገና እያየሁት ነው። የመጡበትን መንገድ ግን አውቀዋለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። እናቴ ዘንድ ትተውት የሄዱትን ቆርቆሮ ደርበው አምጥቶልኝ ከፈትሁት። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የኮሰረት ቅርንጫፍ አገኘሁ፤ ሥር አውጥቷል። ሥሩ ቀጭንና ነጭ ነው፤ ተቆርጦ ከተተከለ ወር ከጥቂት ቀን ቢሆነው ነው። ስቆጥረው እኔ «በሁለቱም ቅቤ የለም» ብዬ ጽፌልዎ እርስዎ ዝም ያሉበት ሰሞን ይሆናል። ደርበው ጓሮ ሲቆፍሩ ያየዎት ያኔ ነው። «አልደረሰም» ያሉት ይህን ነበር? ቅቤ የማያነጥር ሰው ኮሰረት የሚተክለው ለምንድን ነው? የማውቀው ይመስለኛል፤ ቢሆንም በእጅ ጽሕፈትዎ ላነበው እወዳለሁ።

የሰው ዕቃ ባዶውን አይመልሱም፤ እኔም እንደዚያ ነበርሁ። ዘንድሮ ግን ቆርቆሮውን አልልክልዎትም። ከታች በምስማር በስቼ አፈር ሞልቼ ኮሰረቱን ተከልሁበት። መስኮቴ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ላሟ ወደ መንገዱ ታያለች።

ወይኒቱ